የየኔታ «ይሁን»

«ጋሼ፣ አባባ ዳሩኝ» አለችኝ በስልክ።

ባሕር ዳር ቤቴ ውስጥ ቆሜ ነበር። ተቀምጬ ስልክ ማውራት አይሆንልኝም። ማንበብም እንደዚያው፤ መጽሐፍ ይዤ ከመስኮት እስከ በር ስመላለስ የሚያየኝ ሰው ዳዊት የምደግም ይመስለዋል። የደወለችው የአጎቴ ልጅ ናት። አጎቴ ታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ወጣ ብሎ ባለ ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ ናቸው። ተማሪውም፣ ዘመዱም፣ ጎረቤቱም «የኔታ» ይላቸዋል፤ እኔም።

«በምን ቃል ዳሩሽ?» አልኋት።

«በዚያችው።»

እኔ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። አንባቢን ግን እንዲህ ሜዳ ላይ መተው አይገባም።

ክረምቱ ሲገባ የኔታ አንድ ጠዋት ከመኝታቸው ሊነሱ ሲሉ ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው እምቢ አላቸው። ምላሳቸውም እምቢ አለ። መንደሩ «መጋኛ መታቸው» አለ። ንፋስ መውጫ ወስደናቸው ያያቸው ሐኪም ደግሞ «ስትሮክ ነው፤ በግራ በኩል ያለው የአንጎላቸው ክፍል ደም አጥቶ ተጎድቷል» አለ። ጠበልም ተጠመቁ፣ ክኒንም ይውጣሉ፤ ሁለቱ ወገኖች እስካሁን አልተጣሉም። እግራቸው በመቋሚያ እየተደገፈ ትንሽ ትንሽ ተመለሰ። ከንግግር የተመለሰችው ግን አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ «ይሁን»።

ውሃ ሲጠማቸው «ይሁን»። ፀሐይ ሲበዛባቸው «ይሁን»። ዶሮ የተሰጣ ገብስ ላይ ስትወጣ፣ ፊታቸው በቁጣ ቀልቶ፣ «ይሁን፣ ይሁን»። ዶሮዋ ፈቃድ የተሰጣት መስሏት ትለቅማለች።

ይህ ሁሉ ሆኖ ዜማው አልጠፋም። አንድ ተማሪ አጠገባቸው ተቀምጦ የመጀመሪያውን ቃል ካነሳላቸው፣ ቀሪውን ቃሉን ከነዜማው፣ ማንሻውን ከነመጣያው፣ አንድ ሳያጎድሉ ይዘልቁታል። ሲጨርሱ «ውሃ ስጠኝ» ማለት አይችሉም። መንደሩ ተአምር ብሎታል። እኔ ያነበብኋቸው መጻሕፍት ደግሞ ተአምሩን አይክዱም፤ ስም ነው የሚያወጡለት። ንግግር የሚገጣጠምበት የግራው ክፍል ሲጎዳ ዜማ በሌላ በር ይወጣል ይላሉ። ብዙ ጊዜ የተባለች አንዲት ቃል ደግሞ ሳትጠራ ደጋግማ ትመጣለች። ሰውዬው የሚነገረውን ይሰማል፣ ይገባዋልም። መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት ግን ያችው አንዷ ቀድማ ትወጣለች።

እነዚህን መጻሕፍት የማነብበት ምክንያት ጥበብ ፍለጋ አይደለም። የሚያቅበጠብጠኝን ነገር ፍለጋ ነው። ፍርሃት በአንጎል ውስጥ የለውዝ ፍሬ በምታህል ነገር እንደሚነሳ አውቃለሁ። ይህን ማወቄ አንድም ቀን ቁጭ አላደረገኝም። እውቀት የጭንቀትን ስም ያስጠናል እንጂ ጭንቀትን አያስታግስም። ከዚህ ይልቅ የሚገርመኝ የእኛ ቋንቋ ነው፤ አንጎልን ከነአካቴው ሥራ ፈት አድርጎታል። ስንከፋ ሆድ ይብሰናል። ስናዝን አንጀታችን ይላወሳል። ስናስተውል ልብ እንላለን፤ የማያስተውለው ሰው ልበ ቢስ ነው። ለጭንቅላት የቀረው ፀጉርና ራስ ምታት ነው። የአንጎል ተመራማሪ ጋይንት መጥቶ ቢጠይቅ ሰው ሁሉ ከአንገት በታች ያስባል ብሎ ይጽፍ ነበር። ብዙም አይሳሳትም።

አንጎል ከሺህ ቃል መካከል ለምን ይህችን አስቀረላቸው? ለዚህ የራሴ ግምት አለኝ። የኔታ ተማሪን «ጎበዝ» ብለው አያውቁም። አንድ ተማሪ ቀለሙን አጥንቶ፣ ላብ እስኪያጠምቀው አዚሞ ሲጨርስ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ይቆዩና «ይሁን» ይላሉ። ያችን ለማግኘት ከስማዳም ከእስቴም እየመጡ ዓመታት የተቀመጡ አሉ። «ደህና ነው»ም ነበረች፣ «እንግዲህ ምን ይደረግ»ም ነበረች፣ «እግዚአብሔር ይባርክህ»ም ነበረች። በአፋቸው እንደ በር ጉበን ተረግጣ ተረግጣ የለሰለሰች ቃል ናት።

ሽማግሌዎቹ የመጡት በዚህች ቃል ላይ ነው።

በአገራችን ልጅ ልትጠየቅ ሽማግሌ ሲላክ የልጅቱ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። «ልምከርበት» ይላል፤ ሽማግሌም ደስ እያለው ይመለሳል። ሁለተኛም ይመጣል፤ አንዱ አጎት ጠፍቶ ይቀጠራል። ይህ ሁሉ ለክብር ነው። ከስማዳ ከተማ ከወገዳ የተላኩት ሽማግሌዎች ግን አጎቴ ደጅ ቆመው «የእርስዎን ልጅ ለልጃችን» ብለው ሳይጨርሱ «ይሁን» ተባሉ። ደንግጠው እርስ በርስ ተያዩ አሉ። ከዚያም ሕመም ልባቸውን አራርቶት ነው ብለው አመስግነው ሄዱ።

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። መንገዱ ተከፍቷል ተብሎ ነበር፤ ተከፍቷል የተባለ መንገድ ደግሞ ነገ እስኪዘጋ አይጠበቅም። ደብረ ታቦርን እስክናልፍ እግሬ አላረፈም። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ መታገስ ሲያቅታቸው «ወንድሜ፣ መኪናውን የምትነዳው አንተ ነህ እንዴ?» አሉኝ። ይቅርታ ጠይቄ ያን እግሬን አቆምሁት። ሌላኛው ጀመረ።

ስንሄድ ንግግሬን አዘጋጀሁ። ቃሉ ከፈቃድ አልወጣም፤ ከፈቃድ ያልወጣ ቃል ቃል አይደለም፤ ስለዚህ ልጅቱ አልተሰጠችም። ንፋስ መውጫ ወርጄ ወደ አርብ ገበያ የሚሄድ መኪና ስጠብቅ እንኳ ለአንድ የባጃጅ ሾፌር ልነግረው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ደጁ ላይ የተቀበለችኝ እሷ ናት። መምህራን ኮሌጅ ጨርሳ ምደባ ስትጠብቅ አባቷ ታመሙ፤ እናቷ ቀድማ አርፋለች። ወንድሟ ከነሚስቱ አጥር ተጋርቶ ይኖራል።

«ልጁን ትጠዪዋለሽ?» አልኋት ቦርሳዬን ስትቀበለኝ።

«ወገዳ ወፍጮ አለው። ጨዋ ነው ይላሉ። ምን እጠላዋለሁ፣ አላውቀው።»

«እንግዲያ እምቢ በያ። ዘመኑ አንቺን ነው የሚጠይቅ።»

«ጋሼ፣ ዘመኑ የት ነው የሚኖረው? ባሕር ዳር?» አለችኝ። «እኔ እምቢ ብል እኔ አይደለሁም የምወቀሰው። እሳቸው ናቸው ቃል አባይ የሚባሉት። የሌላውን ቃል ሲያርሙ የኖሩ ሰው።»

ንግግሬን ነገርኋት፤ ስለ ግራው ክፍል፣ ስለ ሌላው በር፣ ስለምትቀረው አንዲት ቃል። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ነጠላዋን በጣቷ መጠቅለል ጀመረች።

«ምንም ማለት አይደለም ነው የምትል?»

«ምንም። ትንፋሽ ነው።»

«እንግዲያ ለእኔ ያሉኝስ?»

ያኔ ነው የነገረችኝ። ምደባው እስቴ ወጥቶላታል። አባቷ ደህና በነበሩበት ጊዜ ስለ መሄድ ባነሳችባቸው ቁጥር «እናያለን» ይሏት ነበር፤ እናያለን በየኔታ አፍ አይሆንም ማለት ነው። ከታመሙ በኋላ አንድ ቀን እግራቸውን እያጠበች «አባባ፣ እስቴ ልሂድ? ወንድሜ ይይዝዎታል» አለቻቸው። ቀና ብለው አይተዋት «ይሁን» አሉ። ምርቃቷ እሱ ነው። ልብሷን ያጣጠፈችው በዚያ ነው።

«የእነሱ ይሁን ባዶ ከሆነ» አለች፣ «የእኔም ባዶ ነው። ሳይመርቁኝ ደግሞ አልሄድም።»

ተነሥቼ ግቢውን መዞር ጀመርሁ። አንዷን ቃል ለሽማግሌዎቹ ትንፋሽ፣ ለእሷ ምርቃት ማድረግ የሚችል መጽሐፍ አላነበብሁም። እንዲህ ያለውን የሚችሉት ጠበቃና ባለሥልጣን ናቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ቀን ሊቆርጡ መጡ። ግቢው ውስጥ ካለው ወይራ ሥር መደብ ላይ ተቀመጡ፤ ጠላ ቀረበ። አለቃቸው ከስማዳ የመጡ፣ ረጅም፣ ዓይናቸው የሚስቅ አርሶ አደር ናቸው። የደብሩ ቄስም አብረው ነበሩ፤ በልጅነታቸው የየኔታ ተማሪ የነበሩ ናቸው። የኔታ በርጩማ ላይ፣ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ መቋሚያቸውን በግራ እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ነበር።

«መጽሐፍ የምትጽፍ አንተ ነህ?» አሉኝ አለቃው።

«አልፎ አልፎ።»

«እህል አልፎ አልፎ አይዘራም» አሉና ጠላቸውን ጎነጩ። «በል፣ ነገር አለው ብለውናል። ተናገር።»

ቆሜ ተናገርሁ። እንዲገባቸው ብዬ ምሳሌም አዘጋጅቼ ነበር። «አርብ ከገበያ የሚመለስ ሰው ጠላ ቤት ቢቀር» አልሁ፣ «አህያው ብቻዋን ቤቷ ትገባለች። መንገዱን ስለለመደች ነው እንጂ ተልካ አይደለም። የየኔታም ቃል እንደዚያው ነው። ቃሉ ብቻውን ይመጣል፤ ባለቤቱ ከኋላው የለም።»

አለቃው ትንሽ አሰቡ። «አህያዋ የምትገባ የማን ቤት ነው?»

«የባለቤቷ።»

«የጎረቤት አትገባም?»

«አትገባም።»

«እንግዲያ ባለቤቱ ቢኖርም ባይኖርም የደረሰችው እዚያው ነዋ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ቄሱም በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው «ደግሞስ አሜን ማለት ይሁን ማለት አይደል? እሱንማ ሁላችንም ከልምድ ነው የምንል» አሉ።

ተሸነፍሁ። ስሸነፍ ደግሞ ይብስብኛል። ወደ የኔታ ዞርሁ።

«የኔታ፣ ቤትዎን ላቃጥለው?»

«ይሁን» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ጠላቸውን አስቀመጡ።

«እኔ ሴት ነኝ?»

«ይሁን።»

«እኒህ ከስማዳ የመጡት ሰውዬ አህያ ናቸው?»

«ይሁን።»

ወይራው ሥር ሳቅ ፈነዳ። አለቃው ራሳቸው ጉልበታቸውን እየመቱ «ይኸስ ሳይታመሙም የሚሉት ነው» አሉ። ሳቁ አሞቀኝ። ማስረጃዬ ቆሟል፤ እዚያ ላይ ማብቃት ነበረብኝ። ነገር ግን የሚያቅበጠብጠው ሰው የሚያበቃበትን አያውቅም።

«የኔታ፣ ድጓ አያውቁም ይባላል፤ እውነት ነው?»

አፋቸው ተከፈተ። ትንሽ ቆየ። «ይሁን» አለ አፋቸው፤ ዓይናቸው ግን ሞላ፣ በጉንጫቸው ወርዶ ጢማቸው ውስጥ ገባ። የሚሰማም የሚገባውም ሰው ነበሩ። ይህን ከሁሉ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነበርሁ፤ ስሄድ ሳዘጋጀው በነበረው ንግግር ውስጥም አለ።

ሳቁ ቆመ። አንጎሉ እንዲህ የተጎዳ ሰው ሳያዝንም ሊያለቅስ እንደሚችል አንብቤያለሁ። እሱን አስቤ ተጽናናሁ። ወዲያው ደግሞ በመጽናናቴ ተናደድሁ። ልጃቸው በነጠላዋ ፊታቸውን ጠረገች፤ ወደ እኔ አልተመለከተችም።

ቄሱ ተነሡ። በየኔታ ፊት በርከክ ብለው እጃቸውን በመምህራቸው ጉልበት ላይ አደረጉ።

«የኔታ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔ አሁን የምጠይቅዎ ለሳቅ አይደለም። ጊዜ አለን። ልጅዎን ለእነዚህ ሰዎች ሰጥተዋል?»

የየኔታ ከንፈር ተላቀቀ። «ይ» የምትለዋ ድምፅ ስትነሣ ሁላችንም ሰማናት። መቋሚያው መሬት ወደቀ። ግራ እጃቸው ወጣችና አፋቸውን ያዘች። እንደ ማዛጋት አይደለም፤ ጥብቅ አድርጋ፣ ጣቶቿ ጉንጫቸው ውስጥ እስኪሰምጡ። በአፍንጫቸው ይተነፍሳሉ፣ ዓይናቸው ቄሱ ላይ ነው።

«ሰጥተዋል?» አሉ ቄሱ ደግመው።

የየኔታ እጅ አልተነቃነቀችም።

አለቃው ጎንበስ ብለው መቋሚያውን አነሡና አቧራውን በጋቢያቸው ጠርገው የየኔታ ጉልበት ላይ አስደገፉት።

«እንግዲህ አንቱ እንዳሉ» አሉ። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው፣ «ቃል አልተሰጠንም። ወገዳም ይህንኑ ነው የምንነግር። ቅሬታ የለም» አሉ። ወደ እኔም መለስ ብለው «አህያዋ ዛሬ በር ላይ ተመለሰች፣ አየህ?» አሉኝ።

ጠላቸውን ሊጨርሱ ተቀመጡ። እሷ ግን አልቆየችም። ሁሉ ባለበት፣ ምስክር እንዲሆን ይመስለኛል፣ ቄሱ የለቀቁት ቦታ ላይ ተንበረከከች።

«አባባ፣ እስቴ ልሂድ?»

የየኔታ እጅ አሁንም አፋቸው ላይ ናት።

እኔ መቆም አልቻልሁም። እስከ አጥሩ ሄጄ ተመለስሁ። መጻሕፍቱ አንድ ሌላ ነገርም ይላሉ፤ አንጎሉ የተጎዳ ሰው አንድን ነገር አንዴ ከጀመረ ሊደጋግመው፣ ሊያቆመው ሊያቅተው ይችላል። እጃቸው እዚያ የቀረችው ስለተረሳች ሊሆን ይችላል። እምቢም ሊሆን ይችላል። በዚያች ሰዓት የምለይበት ምንም ነገር አልነበረኝም። የማውቀው ሁሉ የሚያስፈራኝን አበዛው እንጂ አንዱን አልቀነሰልኝም። ልጅቱ አላየችኝም፣ ወንድሟንም አላየችም። ጠላ የያዘው ሁሉ ጠላውን ይዞ ቀረ።

የኔታ ተነፈሱ። እጃቸው ከአፋቸው ወረደች፤ ቀስ ብላ፣ የልጃቸው ራስ ላይ አረፈች። ግራ እጅ ናት። በግራ እጅ አይመረቅም፤ ቄሱም አላነሡትም።

«ይሁን» አሉ።

ከአጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ «አሜን» አሉ፣ ከልምድ።

በሳምንቱ እስቴ ሄደች። አሁን አንደኛ ክፍል ታስተምራለች፤ ፊደል እያስቆጠረች ድምፅዋ እንደተዘጋ ትነግረኛለች። ወፍጮ ያለው ልጅ ሌላ አገባ፤ ሠርጉ ላይ አለቃው «መጽሐፍ የሚጽፈው ለምን አልመጣም?» ብለዋል ተብሏል። እኔ እዚህ ሆኜ ያን ወይራ ሥር የሆነውን አፈርሰዋለሁ፣ እገነባዋለሁ። ሰው እምቢ ማለት ሲችል ነው እሺታው የሚቆመው፤ የኔታ አንዲቱን ቃላቸውን አፍነው ለመያዝ ቻሉ፣ ስለዚህ ሲለቋት ፈቅደው ለቀቋት። ይህ ጥሩ ክርክር ነው። ነገር ግን ጥሩ ክርክር ሳገኝ ማፍረስ ልማዴ ነው። እጅ ይደክማል፤ የደከመ እጅ ደግሞ ይወርዳል። እሷ ይህን ስነግራት ሳቀችና «ጋሼ፣ አንተ ሁሉን ታውቃለህ፣ ማመን ብቻ አታውቅም» አለችኝ።

ባለፈው ቅዳሜ የኔታ ዘንድ ደወልሁ። ወንድሟ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይይዝላቸዋል። ሰላምታዬን «ይሁን» አሉኝ። የባሕር ዳርን ሙቀት ነገርኋቸው፤ «ይሁን»። ከዚያ ቆሜ፣ ከመስኮት ወደ በር እየሄድሁ፣ «የኔታ፣ ያን ዕለት ስለ ድጓው ያልሁዎትን ይቅር ይሉኛል?» አልሁ።

መስመሩ ጸጥ አለ። አንድም ቃል አልመጣም። ኔትወርኩ ይሁን እጃቸው፣ ከዚህ ሆኜ ማየት አልቻልሁም። በር ደርሼ ወደ መስኮቱ ተመለስሁ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግሁ።